ፊቴን ወስደው ሳንባዬን መለሱት

«የእናንተ ሴቶች ለምንድን ነው ወደ ጥናታችን የማይመጡት?» ብላ ለጠየቀችኝ እስካሁን መልስ አላገኘሁላትም። ምን ብዬ ልመልስ? የእኛ ሴቶች ሁላችን አንድ ግቢ ታጉረን የምንኖር ይመስል፣ እኔ ደግሞ በር ላይ ቆሜ ውጡ ግቡ የምል ዘበኛቸው የሆንኩ ይመስል። ስሟን ደረቷ ላይ ለጥፋዋለች፣ እኔ ግን ፈገግታ ነው የምላት፣ ክፉ ሲነገርም ደግ ሲነገርም ጥርሷ አይከደንም፣ ሥራዋ ሆስፒታል ውስጥ ለሳንባ ጥናት በሽተኛ መመልመል ነው። አሁን ከቀትር በኋላ ነው፣ መጋረጃውን ዘግቼዋለሁ፣ ሌሊቱን የሆቴል አንሶላ ሳጥብ ስላደርኩ መተኛት የነበረብኝ በዚህ ሰዓት ነው፣ እንቅልፍ ግን ወዴት አባቱ፣ ጋደም ካልኩ ደረቴ ላይ ሰው የተቀመጠ ይመስለኛል፣ ስለዚህ ግድግዳውን ተደግፌ እቀመጣለሁ፣ ሚጢጢ ጡቴን እንደጎረሰች ተኝታለች። ዘጠኝ ወሯ ነው፣ ስትወለድ ከድመት ግልገል አትበልጥም ነበርና ሚጢጢ አልኳት፣ በዚያው ቀረ። ላስለቅቃት ስል በድዷ ትነክሰኛለች፣ በእንቅልፍ ልቧ የሚመጣውን ያወቀች ይመስል። እስከ ሐሙስ አስቢበት ተብያለሁ። ጡት ካስጣልኳት ጥናቱ ውስጥ እገባለሁ፣ አዲሱን መድኃኒት አገኛለሁ፣ ምናልባት። ካላስጣልኳት ቦታዬ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ነገሩ ይኸው ነው፣ ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው።

መጀመሪያ እኮ ጤነኛ ነሽ ነው የተባልኩት። ገና ሳላረግዛት ነው፣ የአንሶላውን ጋሪ ስገፋ እንደ አሮጊት እየቆምኩ አየር ስለምለምን ሄድኩ፣ አንድ ሽማግሌ ባለሙያ አፍንጫዬን በመቆንጠጫ ዘግቶ የላስቲክ ቱቦ አፌ ውስጥ ሰክቶ «ንፊ! ንፊ! ንፊ! አትቁሚ! ጨርሺ!» እያለ ይጮህብኛል፣ በኋላ ምጥ ላይ ሳለሁ እንኳ እንደዚያ የጮኸብኝ የለም። ከዚያ ማሽኑን አየ፣ ዕድሜዬን ነካ አደረገ፣ ቁመቴን ነካ አደረገ፣ ሴት መሆኔን ነካ አደረገ፣ ቀና ብሎ ፊቴን አየና፣ ሳይጠይቀኝ፣ ዘሬንም ነካ አደረገ። «ለእናንተ ዓይነት ሰው ደህና ነው» አለኝ። ለእናንተ ዓይነት። የእኛ ሳንባ ሲፈጠርም አነስ ያለ ነው ብሎ ማሽኑ ያምናል፣ ስለዚህ ትንሽ ስተነፍስ በቃት፣ ለሷ ይሄ ጥጋብ ነው ይላል። ማን ለካን? የት ተሰልፈን ነፋንላችሁ? ሴት ስለሆንኩ ይቀነስልኛል፣ ጥቁር ስለሆንኩ ደግሞ ይቀነስልኛል፣ ጣቱን ሚዛኑ ላይ እንደሚያሳርፍ ሥጋ ሻጭ። ወደ ቤቴ ሄድኩ፣ ለእናቴ ደወልኩና ተመርምሬ ጤነኛ ነኝ አልኳት፣ ያኔ ውሸት አልነበረም። ሚጢጢ ከተወለደች በኋላ ነው አንዲት ወጣት ዶክተር የዱሮውን ውጤት አይታ ግንባሯን የቋጠረችው። «ይሄን ማነው ደህና ያለው?» አለች፣ የዘሩን ነገር አጥፍታ ያንኑ ቁጥር እንደገና አሰላችው። ያው ትንፋሽ፣ ያችው እኔ፣ በአንድ ጣት ጤነኛ የነበርኩት በአንድ ጣት በሽተኛ ሆንኩ። ሳንባሽ ጠባሳ እያወጣ ነው፣ ጠባሳ የያዘው ቦታ ተመልሶ አየር አይቀበልም፣ የቀረውን ለማትረፍ ነው የምንሮጠው አለችኝ። እስከዛሬ የባከነውስ ጊዜ? አልኳት። ዝም አለች። እሷ ቢያንስ ዝም ማለት ታውቃለች።

ያለው መድኃኒት ለአንቺ ብዙም አይሠራም፣ የሚጠና አዲስ አለ ብላ ወደ ጥናቱ ክፍል ላከችኝ። በሩን ከፍቼ ስገባ ወንበሩን ሁሉ ሽማግሌዎች ሞልተውታል፣ ሁሉም ወንድ፣ ሁሉም ነጭ፣ አንዲት እናት በአንድ ቀን የወለደቻቸው ይመስላሉ። አንደኛው አየኝና ባዶ ኩባያውን ዘረጋልኝ፣ ላጸዳ የመጣሁ መስዬው ነው። ተቀብዬ እግሩ ሥር አስቀመጥኩለትና አጠገቡ ቁጭ አልኩ። የሱ ሳልና የኔ ሳል አንድ ላይ መጣ፣ ያኔ ገባው፣ ይቅርታ ግን አላለም፣ ጠጋ ብቻ አለ፣ ወዲያ ማዶ። መድኃኒት የሚሰፋው ለነዚህ ነው። ልኩ በነሱ ገላ ይወሰዳል፣ ከዚያ ለኔ ይመጣል፣ እንደ ታላቅ ወንድም ሱሪ እግሩን አጥፈሽ ልበሺው ተብዬ። ፈገግታ ግን ስታየኝ ከወንበሯ ዘላ ተነሳች። «እንደ አንቺ ያለ ሰው በጣም ያስፈልገናል!» አለች። በሕይወቴ እንደዚያ ተፈልጌ አላውቅም፣ የልጄ አባት እንኳ ሌላ ከተማ ሥራ አገኘሁ ብሎ ከመጥፋቱ በፊት፣ ሥራውንም እሱንም እስከ ዛሬ አላየናቸውም፣ እንዲያ ዘሎልኝ አያውቅም። ጥቁር ነሽ፣ ሴት ነሽ፣ ወጣት ነሽ እያለች ስትቆጥረኝ የጎደላትን ሁሉ በአንድ ቤት ያገኘች ገበያተኛ መሰለችኝ። ለጥናቱ ገንዘብ የሚሰጧቸው ሰዎች ሴቶቹ የት አሉ፣ ጥቁሮቹ የት አሉ ብለው ተቆጥተዋቸዋል አሉ። ለካ መታመሜ ለሰው ይጠቅም ኖሯል። ያን ጥያቄዋን የጠየቀችኝም ያኔ ነው፣ እጄን ይዛ፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ የእናንተ ሴቶች ለምንድን ነው የማይመጡት።

ከዚያ ምንም ሳትጠይቀኝ ፎቶ አንሺ አመጣች። ቱቦውን አፌ ላይ አድርገው ንፊ ይሉኛል፣ እየነፋሽ ፈገግ በይ ይሉኛል፣ እስቲ አንዴ እናንተ እየነፋችሁ ሳቁ፣ እኔ ልያችሁ። ሚጢጢን ጎረቤቴ ዘንድ ትቼያት ስለነበር ጡቴ ሞልቷል፣ በቀሚሴ ላይ ወተቱ ጠብ ጠብ ብሎ ሁለት ቦታ አርሷል፣ በእጄ ልሸፍን ስል ፎቶ አንሺው «እጅ ወደ ታች» አለኝ። በሳምንቱ ከሆቴሉ ፊት ለፊት አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ በር የሚያህል ሆኜ ተለጥፌያለሁ። ጉንጬ ተነፍቷል፣ ዓይኔ ፈጧል፣ ከሥሬ «ትንፋሽ የሁሉም ነው» ተብሎ ተጽፏል። አለቃችን አይታኝ «አርቲስት ሆነሻል፣ እስቲ አሁን ደግሞ አንሶላውን ትወኚልን» አለችኝ። እኔ ግን ቀረብ ብዬ ያየሁት ደረቴን ነው። ቀሚሴ ደርቋል። የወተቱን ነጠብጣብ አጥፍተውታል፣ አጣርተው፣ አሳምረው፣ እኔ ከሌሊት እስከ ሌሊት በበረኪና አንሶላ ሳነጣ እንደዚያ አድርጌ አላነጣሁም። እንግዲህ አይተውታል ማለት ነው። የሚያጠፋ ሰው ያላየውን አያጠፋም።

የመግቢያው ቅጽ ጥያቄ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አስተርጓሚው በስልክ ነው፣ የአገሬ ልጅ፣ ድምፁ ገና ጢም ያላወጣ፣ ፈገግታ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ድምፁን ከፍ አድርጋዋለች።

«እህቴ፣ ይቅርታ፣ የምጠይቅሽ እኔ አይደለሁም፣ እሷ ናት» ይላል።

«ግድ የለም ወንድሜ፣ ጠይቅ።»

«ሲጋራ ታጨሻለሽ?»

«አላጨስም።»

«ባልሽስ?»

«እሱን ራሱን ጠይቁልኝ። ካገኛችሁት አድራሻውን ለኔም ንገሩኝ።»

ልጁ ሳቀ፣ ሳቁን ግን አልተረጎመውም።

«ልጅ ሆነሽ ጎጆ ውስጥ በእንጨት ጭስ ነው ያደግሽው ወይ ትላለች።»

«በኤሌክትሪክ ምድጃ ነው ያደግኩት በላት። መብራት ሲጠፋ ጦማችንን ነበር የምናድረው።»

ከዚያ ስለ ሥራ ነው። ማዕድን ቆፋሪ ነበርሽ ወይ፣ ግንበኛ ነበርሽ ወይ፣ ብየዳ ትበይጂያለሽ ወይ። አልነበርኩም፣ አልነበርኩም፣ አልበይድም። በረኪናውንስ፣ በእንፋሎት ወደ ዓይናችን የሚነሳውን፣ ጨርቅ አፋችን ላይ አስረን የምንውጠውን? ቆይ ይመጣል እያልኩ ጠበቅኩ፣ አልመጣም።

«ስለ አንሶላ አጣቢ አልጠየቀችኝም በላት።»

«ቅጹ ላይ ለሱ ቦታ የለም ትላለች።»

የወንድ ሥራ ሳንባ ያሳምማል፣ የሴት ሥራ እጅ ብቻ ያሻክራል ማለት ነው።

«እህቴ... እንዴት ልበልሽ... ጥናቱ ውስጥ እስካለሽ ሁለት ዓይነት መከላከያ መጠቀም አለብሽ ትላለች።»

«የምን መከላከያ?»

«እ... ልጅ እንዳይመጣ።»

«ከማን ነው የሚመጣው?»

«ለጥንቃቄ ነው ትላለች።»

«አንዱ ብቸኝነቴ ነው፣ ሁለተኛው ድካሜ ነው በላት። ሁለቱም ከድተውኝ አያውቁም።»

«ይሄን አልተረጉመውም እህቴ።»

«ተርጉመው! አይከፍሉህም እንዴ?»

ተረጎመው መሰለኝ፣ ፈገግታ አንገቷን ነቀነቀች። ከዚያ ልጁ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጡት ታጠቢያለሽ ወይ ትላለች።»

«አዎ፣ አጠባለሁ።»

ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሷ ሲከደን አየሁ። ብዙ አወራች፣ ልጁ እየተከተለ ይወረውርልኛል። «እንዲህ ከሆነ አትገቢም ትላለች። የምታጠባ አይፈቀድም። መድኃኒቱ በወተት አልፎ ሕፃኑን ምን እንደሚያደርገው አይታወቅም።»

«ለምን አይታወቅም?»

«በሚያጠቡ እናቶች ተጠንቶ ስለማያውቅ።»

«ለምን አልተጠናም?»

«ምን እንደሚያደርግ ስለማይታወቅ» አለና ራሱ ቆም አለ። «እህቴ፣ እሷ ናት እንዲህ ያለችው።»

ልጄ ላይ ይሞከር አላልኩም፣ አላበድኩም። ግን ልጅ የምትወልደው ሴት አይደለችም እንዴ፣ የምታጠባውስ፣ ሴት አጣን ብለው እያለቀሱ ሴትን ሴት ባደረጋት ነገር ከበር ይመልሷታል። ሽማግሌዎቹን ጡትህን ታጠባለህ ወይ አይሏቸው። ከዚያ ደግሞ ጨመረችልኝ፣ ጡት አስጥለሽ ከገባሽም ግማሹ ሰው መድኃኒቱን ይወስዳል፣ ግማሹ ባዶ ክኒን ነው የሚወስደው፣ ለማን ምን እንደደረሰ ሐኪሞቹም አያውቁም።

«ዕጣ ነው በለኛ» አልኩት ልጁን።

«ዕጣ ነው» አለ፣ እሷን ሳይጠይቅ።

«እሺ፣ ከማልገባ ፎቶዬን አውርዱልኝ በላት።»

«ፎቶው የጥናቱ ሳይሆን የማስታወቂያ ክፍሉ ነው ትላለች። እስከ ሐሙስ አስቢበት፣ ቦታሽን ይዘን እንቆያለን ትላለች።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አይዞሽ እህቴ» አለኝ፣ ይቺን ማንም አላዘዘውም። ፊቴ ገብቷል፣ ሳንባዬ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

እናቴ ትናንት ደወለች። እዚህ ያለ አንድ የሰፈራችን ልጅ አውቶቡስ ሲጠብቅ አይቶኝ ፎቶውን ልኮላታል። ስልኩን ሳነሳው ጩኸት ነው፣ ሰው የሞተ መሰለኝ።

«ጉንጭሽ ሞላ! ጉንጭሽ ሞላ ልጄ! ተመስገን! እኔ እኮ ከስታ ከስታ እያልኩ እንቅልፍ አጥቼ ነበር!»

«እማ...»

«አሳጥቤው ሳሎን ሰቅዬዋለሁ። ጎረቤቱ ሁሉ መጥቶ አየ። ያ የያዝሽው ቱቦ ምንድን ነው?»

«የሳንባ መለኪያ ነው።»

«ሆስፒታል ነው የምትሠሪው በይኛ! አታወሪም እንዴ አንቺ ልጅ! በሽተኛ ነው የምትለኪበት?»

ዝም አልኩ፣ ዝምታዬን አዎ አለችው። ወደ በሽተኛ አፍ የሚገባ ቱቦ እኔ አፍ ውስጥ ምን ይሠራል ብላ አልጠየቀችም፣ እናት የምታየው ጉንጭ ነው። ሳሌ ሲመጣ ስልኩን ትራስ ሥር ከተትኩት፣ ደረቴን በጉልበቴ ጭምቅ አድርጌ ያዝኩ፣ ዓይኔ እንባ ሞላ፣ ሳወጣው አሁንም እያወራች ነበር። «...ሥራ አገኘሁ ብለሽ ደግሞ ልጅቱን ጡት እንዳታስጥያት። ጡት ያልጠገበ ልጅ ሆዱ አይረጋም። አንቺን እኮ ሮጠሽ መጥተሽ ቆመሽ እስክትጠቢ ነው ያጠባሁሽ፣ አየሽው ይኸው፣ ሳንባሽም ጉንጭሽም የኔ ወተት ነው!» እሺ እማ እላለሁ፣ እሺ፣ እሺ። ከዘጋሁት በኋላ የተሰቀልኩበትን ግድግዳ አሰብኩ፣ ከሰዓቱ አጠገብ ይሆናል፣ ሰው ሲመጣ ቀድሞ የሚያየው እዚያ ጋ ነው። እንዴት ብዬ ላውርደው? ከአውቶቡስ መጠበቂያው አልወርድ አልኩ፣ ከእናቴ ሳሎን ልወርድ ነው?

ሚጢጢን ሌሊት የሚይዙልኝ እትዬ ራዲዮ ናቸው፣ ከታች ፎቅ የሚኖሩ የአገሬ ሰው፣ ራዲዮ ያልኳቸው ስለማይጠፉ ነው። ዛሬ ጠዋት ልጄን ሲያስረክቡኝ በሩ ላይ ቆመው ተናገሩ። ጡጦውን ወርውራ ከግድግዳ አጋጭታለች፣ ገንፎውን ፊታቸው ላይ ተፍታለች፣ እኔ እስክመጣ በእልህ አድራለች።

«ያንቺ ልጅ መንግሥት ናት፣ ማንንም አትሰማም» አሉ። «ሬት ቀቢና ገላግይኝ። አምስቱንም በሬት ነው ያስጣልኳቸው። ሁለት ሦስት ቀን ያለቅሳሉ፣ ከዚያ ይረሱታል።»

«ባዶው ክኒን ቢደርሰኝስ እትዬ?»

«መድኃኒቱ ቢደርስሽስ?»

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፣ የሳቸው ዝቅታ እስከ ሦስተኛ ፎቅ ይሰማል። «ወይ ደግሞ አስጥዬያታለሁ በያቸውና አጥቢ። ጡትሽን መጥቶ የሚቆጣጠር ማነው?»

«መድኃኒቱ ወተቱ ውስጥ ቢገባስ?»

«እንዲያው አፌ ነው፣ ተይው» አሉ፣ ፊታቸው ግን ተለወጠ። ከቀሚሳቸው ኪስ ትንሽ ብልቃጥ አውጥተው እጄ ላይ አስቀመጡ። «ስሚኝ፣ እኔ የተማርኩ አይደለሁም። የሞተች እናት ግን ጡት የላትም።» ወደ ታች ወረዱ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረጃውን ዝም ብለው ሲወርዱ ሰማኋቸው።

ብልቃጡ አሁን መስኮቱ ላይ ነው። እንደ ሬት መረረኝ እያልኩ ስንቴ ተናግሬያለሁ፣ ቀምሼው ግን አላውቅም ነበር፣ ቅድም በጣቴ ጫፍ ቀመስኩት። ይሄን ነው ልጄ አፍ ውስጥ የማደርገው፣ ከእናቷ ገላ ላይ፣ አምናኝ እንደተጠጋች፣ አይታኝ ስቃ አፏን እንደከፈተች። ደግሞ ዘወር እላለሁና አስባለሁ፣ አሁን ከታች እስከ ላይ ደረጃውን ሁለቴ ቆሜ ነው የምወጣው፣ ድክ ድክ ስትል ሮጬ ከመንገድ ማን ይይዛታል? ለዶክተሯ ደወልኩላት፣ አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊያለሽ አልኳት፣ ውሳኔው የአንቺ ነው አለችኝ። ውሳኔው የኔ የሚሆነው እነሱ የማያውቁት ሲሆን ነው። ማሽኑ ጤነኛ ነሽ ሲለኝ ውሳኔው የኔ አልነበረም፣ ፎቶ ሲያነሱኝ የኔ አልነበረም፣ ወተቴን ከቀሚሴ ሲያጥቡ የኔ አልነበረም፣ አሁን መራራው ሲመጣ የኔ ሆነ፣ በሁለት እጅሽ አንሺው ብለው ሰጡኝ። ለፈገግታስ የእኛ ሴቶች ይኸው መጥተው ነበር፣ መጥተው ከበር ላይ መለስሻቸው ልበላት? መልሱ ይሄ ይሁን አይሁን እንጃ፣ ሐሙስ ስሄድ አፌ ላይ ቢመጣልኝ እላታለሁ፣ ባይመጣም እሷ እንደሆነ ትስቃለች።

እናቴን እንዳልጠይቅ ጉንጬን ሰቅላዋለች። እትዬ ራዲዮ የሚሉትን ብለዋል። ስለዚህ እናንተን ነው የምጠይቀው፣ ይሄን የምታነቡ እናቶችን፣ እናት ካልሆናችሁም እናት ያላችሁን። ዕጣ ለሆነ መድኃኒት ልጄን ከጡቴ ላንሳት? ወይስ እያጠባኋት፣ የቀረችኝን ትንፋሽ እየቆጠብኩ፣ ለሚያጠቡ የሚሠሩበትን ቀን ልጠብቅ? ባል የለኝም፣ የተማረ ዘመድ የለኝም። የምታውቁ ካላችሁ፣ ያያችሁ ካላችሁ፣ ወይ እንዲሁ የሚሰማችሁን፣ እንደ እህት ንገሩኝ፣ ከሐሙስ በፊት። ሚጢጢ ነቅታለች፣ ብልቃጡን እያየች ነው።